እማማ ግፉኝ

የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ውርጭ ያልቀመሰ ሰው ስለ መኪና ባያወራ ይሻለዋል። ጠዋት ጠዋት የጭነት መኪና ሾፌሮች ከሞተር ሥር እሳት አንድደው ሲለማመጡ፣ ሚኒባሶቹ ደጋግመው አስነጥሰው በስንት መከራ ሲነሡ፣ የአልታየች ቮልስ ቁልፉ ከመዞሩ እምር ብላ ትነሣለች። ለብርድ የሚስተካከላት የለም። በሽታዋ ሌላ ነው። ተነድታ ሞተሯ ከጋለ በኋላ ካጠፏት፣ ተመልሳ እስክትበርድ ድረስ በሕግ አምላክ ቢሏትም አትነሣም። ያን ጊዜ ወይ ቆሞ መጠበቅ ነው፣ ወይ ሰው ለምኖ ማስገፋት።

በዚህ የተነሣ በገበያ መንገዷ ላይ ያሉት የአንኮበር ወጣቶች ለአልታየች ስም አወጡላት፤ "እማማ ግፉኝ" አሏት። ልብ በሉ፣ እሷ አንድም ቀን ግፉኝ ብላ አታውቅም። ቮልሷ እምቢ ስትል እነሱ ከየበረንዳው ተንጋግተው ይመጣሉ፤ እየሳቁ ይገፏታል። አልታየችም ጥርሷን ነክሳ "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ትሄዳለች። ሳቁንስ ትችለዋለች። የሚያንገበግባት ምስጋናው ነው፤ ሳይወዱ ማመስገን እንደ መራራ መድኃኒት ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

ቮልሷ የባሏ የቴዎፍሎስ ነበረች። ቴዎፍሎስ በሕይወት ሳለ መሪዋን ለማንም አያስነካም ነበር፤ ለሚስቱም ቢሆን። እሱ ሲሞት አልታየች ወደ ስልሳው ተጠግታለች። የሙት ዓመቱ ተዝካር እንደወጣ ማሠልጠኛ ገባች፤ ልጇን በዕድሜ ከማይደርሱ ወጣቶች ጋር ተሰልፋ መንጃ ፈቃድ አወጣች። ዘመዶቿ ሐዘን ያዞራት መሰላቸው። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ በየገበያው ቀን ከደብረ ብርሃን ነጭ ሽንኩርት ጭና በአንኮበር በኩል ወደ አልዩ አምባ ቆላ መውረድ፣ ሎሚና ፓፓያ ይዛ መመለስ ጀመረች። የአንኮበርን ቁልቁለት መስኮት ከፍታ ብቻዋን ስትወርድ ከደስታዋ የተነሣ ታንጎራጉራለች። በትዳሯ ዘመን ሁሉ ተሳፋሪ ነበረች፤ በስተርጅና ሾፌር ሆነች። ይህን ማንም እንዲነካባት አትፈልግም።

መጥፎነቱ በሽታው የጀመረው ቴዎፍሎስ ከሞተ በኋላ መሆኑ ነው። አንዳንዱ ጎረቤት "ጌታዋን አዝና ነው" አለ፤ ይህስ ደግ። ሌላው ግን "የሴት እጅ አልወደደችም" ሲል አልታየች ቆሽቷ አረረ።

ነገሩ የከፋው አንድ የገበያ ቀን ከአልዩ አምባ ስትመለስ ነው። አንኮበር መግቢያ ላይ ቀብር መጣባት። አስከሬን ሲያልፍ መኪና አጥፍቶ፣ ወርዶ፣ ራስን ዝቅ አድርጎ መቆም የአገሩ ወግ ነውና እንዲሁ አደረገች። መንገዱ ጠባብ ነበር፤ ቃሬዛው እንዲያልፍ ቮልሷ ጥቂት ፈቀቅ ማለት ነበረባት። ቁልፉን ብታዞር የማስነሻው ሞተሪኖ ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ፤ ሞተሩ አልለኮሰም። ለቀስተኞቹ ጠበቁ። በመጨረሻ ቃሬዛውን መሬት አስቀምጠው መኪናዋን ገፉ። አንዲት የሟች ልጅ በአንድ እጇ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች በሌላው ስትገፋ አልታየች አየቻት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ክፉ ወሬ ክንፍ አለው፤ አዲስ አበባ ደረሰ። ብዙም ሳይቆይ ልጇ ኃይለ ገብርኤል አንድ ሰው አስከትሎ መጣ። ሰውየው ድሮ የቀሩ መኪናዎችን እየገዛ፣ አሳምሮ ለሠርግ የሚያከራይ ነው። ቮልሷን ዞሮ ዞሮ አያት፤ ጣሪያዋን መታ መታ አደረጋት። አልታየች የተመታችው እሷ የሆነች ይመስል ፊቷ ተለዋወጠ።

ኃይለ ገብርኤል ክፉ ልጅ አይደለም። እናቱን ይወዳል፤ ጣጣውም የመጣው ከዚያው ነው። "እማዬ" አላት፤ "የሰው አስከሬን መንገድ ላይ አስቀምጠሽ ካስገፋሽ ከዚህ በላይ ምን ይምጣ? ነገ ገደሉ አፋፍ ላይ ብቻሽን ቆመሽ ብትቀሪስ?"

ቮልሷ በውርስ የሁለታቸው ናት፤ ነገሩን በቁጣ ብቻ ማባረር አልቻለችም። ከተሸጠች ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቀዋለች። ገበያው ይቀራል። ገበያው ሲቀር "ታዲያ እዚህ ቁር ውስጥ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ" ይባላል። ከዚያ አዲስ አበባ፣ አራተኛ ፎቅ። ባለፈው ፋሲካ ሄዳ አይታዋለች። ልጇ ክፍል አዘጋጅቶ፣ ቴሌቪዥን ሰቅሎ፣ ለስላሳ የቤት ጫማ ገዝቶ ነበር የጠበቃት። በረንዳ ላይ ቆማ የጎረቤት ልብስ ሲደርቅ ስታይ ሰንብታ ተመለሰች።

"ስማ ኃይሌ" አለችው። "በሚመጣው ወር መጀመሪያ ገበያ ሁለታችሁንም ጭኜ አልዩ አምባ እወርዳለሁ። ዳገቱን ወጥቼ አንኮበር መሀል፣ ደልዳላው ላይ፣ እንደጋለች አጠፋታለሁ። የሰው እጅ ሳይነካት ካልተነሣች ቁልፉን ራሴ እሰጥሃለሁ። ይህን ቃሌን ባጥፍ የአባትህ አጥንት ይውጋኝ።"

በቴዎፍሎስ አጥንት ስትምል ልጁ ደነገጠ። ከተነሣችስ ብሎ ጠየቃት። ከተነሣች በዚህ ቤት የመሸጥ ነገር ዳግመኛ እንዳይወራ አለችው። ተስማማ። ገዢውም ቮልሷን ግቢው ውስጥ ያቆማት ያህል ፈገግ ብሎ ወጣ።

ሲሄዱ አልታየች በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። መሐላው ወጥቷል፤ መድኃኒቱ የለም። ቢሆንም አልተጸጸተችም። አንዳንድ ቃል ቀድሞ ካልወጣ ሰው ተከትሎት ለሥራ አይነሣም።

በማግስቱ አዲሱ ወደሚባል መካኒክ ጋራዥ ሄደች። እሱም ባትሪ ቀየረ፤ ካንዴላ ቀየረ፤ ቤንዚን ከአየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ፈትቶ አጠበ። መኪናዋን አግለው ቢሞክሯት ያው ናት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሆነ ነገሩ። ከመኪናዋ ጀርባ ያለውን የሞተሩን ክዳን ሲከፍት ቴዎፍሎስ ከውስጥ በኩል የሰፋውን ባና አየና አደነቀ። የመንዝ በግ ጸጉር የተፈተለበት፣ ውኃ የማያሳልፍ ደንበኛ ባና ነው፤ ከኋላው መስታወት ሥር ያሉትን ቀዳዳዎች ሳይቀር ደፍኖ ወርዷል። "ይህማ ካፖርት ነው" አለ አዲሱ። በደብረ ብርሃን በብርድ ጊዜ የጭነት መኪናው ሁሉ ራዲያተሩ ፊት ካርቶን ይጋርዳል፤ ሞተር ማልበስ እዚያ አገር የጥንቁቅ ሰው ሥራ ነው። ስለዚህ አድንቆ ዘጋው።

በመጨረሻ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ "እማማ፣ አሮጌ ናት እኮ። መኪናም እንደ ሰው ያረጃል" አላት።

ሐኪሙም ስለ ጉልበቷ ይህንኑ ነበር ያላት። ደሟ ፈላ። "እርጅና የበሽታ ስም አይደለም" አለችው። "ያላወቃችሁትን ሁሉ እርጅና ትሉታላችሁ። ይልቅ ንገረኝ፤ ሞተር ለመነሣት ምን ምን ይፈልጋል?"

አዲሱ እየሳቀ እሳትና ቤንዚን ነው አላት። እንግዲያው አሳየኝ ብላ አዘዘችው። እንደጋለች እምቢ ባለችበት ሰዓት ካንዴላውን ነቅሎ አሳያት፤ እሳቱ ይረጫል። ካንዴላው ግን ደረቅ ነው፤ የቤንዚን ሽታ እንኳ የለበትም። ታንከሩ ሙሉ ሆኖ ቤንዚን ሞተሩ ጋ አይደርስም ማለት ነው። አዲሱ ፓምፑን ቀየረ። ለውጥ የለም። አልታየች ግን በሽታው በየት በኩል እንዳለ በማወቋ ብቻ ቀና ብላ ወጣች።

የገበያ ቀን ሳትጠብቅ አልዩ አምባ ወረደች። እዚያ የወፍጮ ሞተርና መኪና የሚጠግን አብዱልሀሚድ የሚባል የድሮ ደንበኛዋ አለ። ነገሩን ስትነግረው ቆማ ሳለች ማየት አይጠቅምም፣ ሲያማት ልይ ብሎ ውኃ በጀሪካን ይዞ አብሯት ዳገቱን ወጣ። ደልዳላ ቦታ ሲያገኙ አጠፏት፤ ጥቂት ቆይተው ቢሞክሯት እንደ ልማዷ እምቢ አለች። አብዱልሀሚድ ከካርቡራተሩ ላይ ቀጭኑን ቱቦ ነቅሎ ቁልፉን ያዙሩ አላት። ቤንዚን በመውረድ ፈንታ ቱቦው እየተፋ አረፋና እንፋሎት አወጣ።

"ፈልቷል" አለ። ከፍ ባለ አገር ውኃ ቶሎ እንደሚፈላ ቤንዚንም ቶሎ ይፈላል፤ ሞተሩ ከመጠን በላይ ሲግል ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሆንና መንገዱን ይዘጋል። ጨርቅ በውኃ ነክሮ ፓምፑና ቱቦው ላይ ጠቀለለ፤ ቀሪውን ውኃ አፈሰሰበት። ትንሽ ቆይተው ቁልፉን ስታዞር ቮልሷ ተነሣች። አልታየች አብዱልሀሚድን ልትስመው ምንም አልቀራት።

እሱ ነገሩ ያለቀ መስሎት ነበር። በመሐላው ቀን እርጥብ ጨርቅ ይያዙ፣ ጉዳዩ ይኸው ነው አላት። እሷ ራሷን ነቀነቀች። የሰው እጅ ሳይነካት ብላለች፤ ጨርቅ የሚጠቀልል እጅም እጅ ነው።

"ወላሂ እትዬ አልታየች፣ ለዚህ ማንም አይፈርድብዎትም" አለ።

"የማልኩት እኔ ነኝ። የምፈርደውም እኔው ነኝ" አለችው።

ለምን እንዲህ ከመጠን በላይ እንደምትግል ግን አብዱልሀሚድም አላወቀም። ባናውን ነክቶ ይህ ምንድን ነው ብሎ ጠየቃት፤ ለብርድ ነው አለችው። የደጋ ሰው ልብስ አይበቃውም ብሎ ሳቀና ክዳኑን ዘጋ። አልታየች የፈላውን አውቃ፣ የሚያፈላውን ሳታውቅ ተመለሰች።

ቀኑ ደረሰ። ልጇ ከፊት፣ ገዢው ከኋላ ከሽንኩርቱ ጆንያ ጋር ጉልበቱን አገጩ ሥር አጥፎ ተቀመጡ። አልታየች ሲጨንቃት ዝም የምትል ሴት ናት፤ ልጇ ይህን ስለሚያውቅ አልነካካትም። ያሸነፈ ስለመሰለው ትንሽ አሳዝናውም ነበር።

ከአንኮበር በታች፣ ብርዱ አልቆ የቆላው ወበቅ ፊት ላይ የሚመታበት አንድ ጠምዛዛ አለ። ከደጋ የወረደ ገበያተኛ ሁሉ እዚያ ሲደርስ ሸክሙን ያሳርፋል፤ ጋቢውን አውልቆ፣ አጣጥፎ ይቀጥላል። ከዚያ ለብሶ ያለፈ ሰው አልዩ አምባ ሳይደርስ ይታፈናል። አልታየችም እንደ ሰው ሁሉ ወግ መኪናዋን አጥፍታ ወረደች፤ ቁልቁለት ስለሆነ ለመነሣት ሰው አያስፈልጋትም። ጋቢዋን አወለቀች፤ ሹራቧን አወለቀች። ልጇ ጃኬቱን አወለቀ። ገዢውም እያለከለከ ካፖርቱን አወለቀ።

አልታየች ጋቢዋን አጣጥፋ ስታበቃ ዓይኗ ቮልሷ ላይ አረፈ፤ እጇ እንዳለ ቀረ። ሁሉም አውልቋል። ቮልሷ ብቻ ለብሳለች።

የጭነት መኪና ካርቶን ቢጋርዱበት ውኃ አለው፤ በውኃው ይበርዳል። ቮልስ ውኃ የላትም። የምትበርደው ከኋላው መስታወት ሥር ባሉት በእነዚያ ቀዳዳዎች ስባ በምታስገባው አየር ብቻ ነው። ቴዎፍሎስ አላብሳታለሁ ብሎ አፍና አፍንጫዋን ነበር የሸፈነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ለአጭር መንገድ ብርዱ ይደብቅላታል፤ ዳገት ስትወጣ ግን የራሷን ትኩሳት መልሳ እየተነፈሰች ትቃጠላለች። በሽታዋ ከሐዘንም ከሴት እጅም አልነበረም።

ክዳኑን ከፍታ የሽንኩርት ጆንያ የምትፈታበትን ቢላዋዋን አወጣች። ልጇ ምን ልታደርግ እንደሆነ ሲገባው እጇን ያዘ። አባቱ ያንን ባና የሰፋው በመጨረሻው ታኅሣሥ፣ በሽታው ከአልጋ ሳይጥለው በፊት ነው። ብርዱ እኔን እንዳገኘኝ እሷን አያግኛት እያለ፣ በጆንያ መስፊያ ቀኑን ሙሉ ሲሰፋ ልጁም አይቶታል።

"የአባዬ እጅ መጨረሻ የሠራው ነው" አለ ድምፁ ተሰብሮ። "እንዴት ትቀጅዋለሽ?"

"የአባትህን እጅ ሥራ ልትሸጥ ገዢ ይዘህ የመጣኸው አንተ ነህ" አለችው። "ልቀቀኝ።"

ለቀቃት። መቁረጥ ጀመረች። ስፌቱ ከላይ ጥብቅና ደቃቅ ነበር፤ ወደ ታች ሲወርድ እየተራራቀ፣ እየተጣመመ ሄደ። እጁ የዛለበት ቦታ ነው። እዚያ ስትደርስ ቢላዋዋ ቆመ። አለቀሰች፤ ማንንም ሳትደብቅ አለቀሰች። ናፍቆቱም ንዴቱም አንድ ላይ መጣባት።

"ወድደህ አፈንካት፣ ቴዎፍሎስ" አለች። "ወድደህ ነው። ግን አፈንካት።"

የቀረውን ቆርጣ ባናውን ገነጠለችው። ኃይለ ገብርኤል ተቀብሎ አቧራውን አራግፎ እንደ ሕፃን አቀፈው።

አልዩ አምባ ሽንኩርቷን ሸጠች፤ ሎሚዋን ጫነች። ዳገቱን ስትጀምር ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። አልታየች ማርሽ በቀየረች ቁጥር ጆሮዋን ወደ ኋላ ትጥላለች፤ የሞተሩ ድምፅ የተለየ መሰላት። ከዚያ ደግሞ ተስፋ የሚያሰማኝ ነው ብላ ራሷን ገሠጸች። መድኃኒቱን አንዴም አልሞከረችውም። ባናው በከንቱ ተቀዶ ከሆነ ባሏንም መኪናዋንም በአንድ ቀን ልታጣ ነው። እንደዚያም ሆኖ መንገድ ላይ ቆማ ልሞክራት አላለችም፤ የማለችው አንኮበር መሀል ልታጠፋት ነው።

አንኮበር መሀል ደልዳላው ላይ ወጣቶቹ ገና ከሩቅ አይተዋት "እማማ ግፉኝ መጡ" እያሉ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ቮልሷን አቆመቻት። ሞተሩን አጠፋችው። ልጇ ቶሎ ብላ የምታስነሣ መስሎት ነበር፤ እሷ ግን በሩን ከፍታ ወረደችና ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጣ ሻይ አዘዘች። የጋለ ሞተር ጠፍቶ ጥቂት ሲቆይ ነው ትኩሳቱ የሚብሰው። ያንን ክፉ ሰዓት ጠበቀችው። ሻይዋን እስከ አተላው ጠጣች።

ተነሥታ ገባች። ቁልፉን አዞረች። ሞተሪኖው ዞረ፣ ዞረ፤ አልለኮሰም።

ወጣቶቹ ወደ መኪናዋ ጀርባ መጡ። አልታየች እጇን በመስኮት አውጥታ፣ "ማንም እንዳይነካት" አለች። ባሉበት ቆሙ። ልጇ ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ። ገዢው ጉሮሮውን ጠረገ።

ዳግመኛ አዞረችው። ቮልሷ እምር ብላ ተነሣች።

ወጣቶቹ ሥራ እንደተወሰደበት ሰው አፋቸውን ይዘው ቆሙ፤ ከዚያ አንዱ ሲያጨበጭብ ሌሎቹም ተከተሉት። ገዢው ወደ ኃይለ ገብርኤል ጠጋ ብሎ፣ ጤነኛ ከሆነችማ ከነገርኩህ ጨምሬ እወስዳታለሁ አለው። ኃይለ ገብርኤል አልመለሰለትም። ባናውን ብብቱ ሥር እንደያዘ ወደ እናቱ መስኮት መጣ።

"እሺ፣ ዛሬ ተነሣች" አላት። "ነገስ እማዬ? ሌላ ነገር ቢሰበርስ?"

አልታየች አየችው። ቃሉን እያጠፈ መሆኑን ልትነግረው ነበር፤ ፊቱን ስታይ ተወችው። "የፈራኸው የመኪናዋን መቆም መስሎኝ ስለፋ ከረምኩ" አለችው። "ለካስ የፈራኸው የእኔን መሄድ ነው።"

ባናውን አጥብቆ ያዘ። "አባዬን ቀበርኩት" አለ በመጨረሻ። "ከዚህ ወዲያ ያለሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።"

"አውቃለሁ። እንግዲያው ፍራልኝ፤ ስትፈልግም አልቅስልኝ" አለችው። "አትሽጠኝ እንጂ።"

ኃይለ ገብርኤል ባናው ውስጥ ፊቱን ደፍቶ እንደ ልጅነቱ አለቀሰ። አልታየች መሪውን ይዛ ጥቂት አየችው። ከዚያ እጇን ወደ ቁልፉ ሰደደችና የሚያጉረመርመውን ሞተር ራሷ አጠፋችው።

"ምነው እማማ፣ ስንት ለፍተው አስነሥተው" አላት ከወጣቶቹ አንዱ።

"ትነሣለች" አለችው፤ ወርዳም ልጇን አቀፈችው።